የዒልሚ ቆርኪ

ኢስታር ጋሪ ላይ ከሰው ጋር የመጣላት ልማድ አልነበራትም፤ ለጠብ ቢሮዋ ይበቃት ነበር። ያን ቀን ግን ከቀፊራ ገበያ ወደ ከዚራ ሰፈር በሚመለሰው ጋሪ ላይ አጠገቧ የተቀመጠው ረጅም ሰው ጉልበቱን የሚያደርግበት ቢጠፋው የቲማቲም ዘንቢሏ ላይ አሳረፈው።

«ጉልበትህን አንሳ!»

«ወዴት ላድርገው እህቴ? ነቅዬ አልጥለው።»

«የተማረ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ያስባል። እንዳንተ ያለው በጭነት መኪና ነው የሚሄደው።»

ጋሪ ነጂው ሳቀ። ረጅሙ ሰው አልተቆጣም። ጉልበቱን አቅፎ እንደ ግመል ተጣጥፎ ተቀመጠና «አንቺ የት ተማርሽ?» አላት።

«አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። ምነው?»

«ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ስድብ ብቻ ነው እንዴ?»

ይህን ብሎ ዘሎ ወረደ። ኢስታር አፏን ከፍታ ቀረች። መልሱ የመጣላት ቤቷ ደርሳ የተጨፈለቁትን ቲማቲሞች ስትለይ ነው። አጥንት የሚሰብር መልስ ነበር፤ የሚሰማው ግን ሄዷል።

ዘመኑ 1978 ዓ.ም. ነው። ኢስታር በስታትስቲክስ ተመርቃ የትውልድ ከተማዋ ድሬዳዋ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ፕላን ክፍል ውስጥ ተመድባ ነበር። ሥራዋ ያልተመረተውን እንደተመረተ አድርጎ ከበላይ የመጣላትን ቁጥር ማሳመር ነው። አለቃዋን ትንቃለች፣ ሙቀቱን ትንቃለች፣ ከሰዓት በኋላ ጫት ይዞ የሚጋደመውን ወንድ ሁሉ ትንቃለች። ከሁሉም አብልጣ የምትንቀው ግን የታላቅ ወንድሟን የሊበንን በርጫ ነበር፤ ምክንያቱም እዚያ የተሰበሰቡት ሚስት ያላቸው፣ ጢም ያላቸው ሰዎች ዕቃ ዕቃ ይጫወቱ ነበር።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ፋብሪካዎቹና መሥሪያ ቤቶቹ የየራሳቸው የቅርጫት ኳስ ቡድን አላቸው፤ ባቡር፣ ሲሚንቶ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ዘይት። እነ ሊበን በእነዚህ አልረኩም። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ዕጣ ይጣጣሉና በየተራ ከየቡድኑ ተጫዋች እየመረጡ፣ እያንዳንዱ በሐሳቡ አምስት ሰው ያለው የራሱን ቡድን ያቆማል። ይህ ቡድን የትም ሜዳ ላይ የለም። አንዱ ተጫዋች የባቡር፣ ሌላው የሲሚንቶ ነው፤ እርስ በርሳቸው ላይተዋወቁም ይችላሉ። እሑድ እሑድ እነዚያ ሰዎች በእውነተኛ ቡድናቸው የሚያገቡት ነጥብ ለባለቤታቸው ይደመራል። ግንቦት ላይ ብዙ ነጥብ ያለው ክረምቱን ሙሉ የበርጫው አባት ሆኖ ከላይ ይቀመጣል፤ መጨረሻ የወጣው ሻይ ይቀዳል።

ወረቀት የሚባል ነገር ግን አይነካም። በዚያ ዘመን የሰው ስም ከነቁጥሩ ደርድሮ ኪሱ ውስጥ የተገኘ ሰው፣ ነገሩ ቅርጫት ኳስ ነው ብሎ ቀበሌን ማስረዳት አይችልም። ስለዚህ በስም ፈንታ ቆርኪ ነበራቸው። አንድ ተጫዋች አንድ የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ ቆርኪው በማን እጅ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ልውውጥ ሲኖር ቆርኪው ምስክር ባለበት ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ እስከዚያ የገባው ነጥብ ለቀድሞው ባለቤት ይቀራል።

«ቆርኪ የሚሰበስቡ ሽማግሌዎች» ትላለች ኢስታር፣ ፔርሙሱን ልታቀብል በገባች ቁጥር።

ያን ዓመት ከባለ ቡድኖቹ አንዱ አብዱሰመድ ወደ ጂጅጋ ተዛወረና ቦታው ክፍት ሆነ።

«ኢስታር ትግባበት» አለ ሊበን እንደ ቀልድ።

ዳሂር ትራሱን ደገፍ እንዳለ ሳቀ። ዳሂር የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አምና ለኢስታር ሽማግሌ ልኮ ሳይሳካለት ቀርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ በተነሳ ቁጥር «ትምህርት ያደረቃት» ይላል።

«አቦ ተዋት! ይሄ እኮ ሰው ማወቅ ይፈልጋል» አለ ዳሂር። «እሷ የምታውቀው ድምርና ማባዛት ነው።»

«አንተ የምታውቀው ሰው ማን ነው? ኮንትሮባንድ የሚያሳልፍልህ?»

«ወላሂ ግቢበት! ግንቦት ላይ ሻይ ስትቀጂልኝ ስኳር እንዳታሳንሺ።»

ኢስታር ፔርሙሱን አስቀመጠችና ተቀመጠች። የገባችው ጨዋታው ደስ ብሏት አይደለም። የማይረባ ነገር ላይ ተሸንፎ የዳሂር ፊት የሚሆነውን ለማየት ነው የገባችው።

ዕጣው የመጨረሻዋ መራጭ አደረጋት። አራቱን በአእምሮዋ ይዛ በመጣችው አማካይ ነጥብ መረጠች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ሰው አልቆ ነበር።

«ማን ቀረ?»

«የዘይት ፋብሪካው ዒልሚ» አለ ሊበን። «በርሜል ጫኝ ነው፣ ከቢዮ አዋሌ የመጣ። ቁመት እንጂ ሌላ ምንም አልተሰጠውም።»

«ስጡኝ።»

አንድ የፋንታ ለስላሳ ቆርኪ ወረወሩላት።

ከዚያም ሊበን ዋናውን ሕግ ለአዲሷ ገቢ ነገራት፤ ባለቤት ከተጫዋቹ ጋር አይነጋገርም። ከሁለት ዓመት በፊት አንዱ የባቡር ተጫዋቹን ጫት እየጋበዘ፣ ለጓደኞቹ ኳስ እንዳያቀብል አድርጎት፣ የባቡርን ቡድን አፈራርሶታል። ከዚያ ወዲህ ባለቤት ለተጫዋቹ አንዲት ቃል ከተነፈሰ፣ ሰላምታም ቢሆን፣ ያ ተጫዋች የዓመቱን ያገባው ነጥብ ሁሉ ይሰረዛል። ተጫዋቾቹም ይህን ያውቁ ነበር፤ ድሬዳዋ ውስጥ የማይታወቅ ነገር የለም።

«ከበርሜል ጫኝ ጋር ምን የምነጋገረው አለኝና ነው?» አለች ኢስታር።

በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ፣ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ያለው ሜዳ ሄደች። የዘይት ቡድን ሲገባ ሁሉንም በአንድ ራስ የሚበልጥ ሰው አየች። እጁ የት እንደሚውል አያውቅም፤ ቁምጣው ያጥረዋል። የጋሪው ሰው ነው።

መልሱ ጉሮሮዋ ላይ መጣ። ቁጭ ብድግ አለች። ሊበን ክንዷን ያዘ።

«ቆርኪው! ቆርኪው አንቺ ጋ ነው!»

ዒልሚም አያት። ባለቤቱ ማን እንደሆነች ነግረውታል መሰለኝ፣ ከንፈሩን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ዘጋና ሳቀ። ከዚያ ሄዶ ቅርጫቱን ክንድ በሚያህል የሳተ ኳስ ወረወረ።

በዚያ ሜዳ ላይ የእነ ሊበን አደጋገፍ መሳቂያ ነበር። አንዱ ሰው ለሁለቱም ወገን ያጨበጭባል፤ የባቡሩ ቢያገባ ይጮኻል፣ ወዲያው ሲሚንቶው መልሶ ቢያገባም ይጮኻል። አንድ ካድሬ ነገሩ ከንክኖት «የማን ደጋፊ ናችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሊበን ብድግ ብሎ «ጓድ፣ ሁለቱም የሰፊው ሕዝብ ነው» አለው። ካድሬው ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ኢስታር በሁለቱም አፈረች።

ዒልሚ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቻለውን ሁሉ ሳተ። በሳተ ቁጥር ግን ወደ እሷ ዞር ብሎ፣ ስድቡን የሰማ ይመስል አንገቱን ይደፋል። እሷም በልቧ እየሰደበችው ነበርና ነገሩ አናደዳት። ሰው እንዴት ያልተነገረውን ስድብ ይቀበላል?

አንድ እሑድ የዚህን ሰው ችግር ደረሰችበት። ግራኝ ነው፤ ግን አሠልጣኙ በቀኝ ያስወረውረዋል። ሲያያት የግራ እጇን ጣት አነሳች። ዒልሚ ቀጣዩን ኳስ በግራው ወረወረ። ገባ። ደግሞ ወረወረ። ገባ።

ቅዳሜ በርጫው ታመሰ።

«ጣት ንግግር ነው!» አለ ዳሂር። «መስማት የተሳነው ሰው በምን ይነጋገራል? በጣት!»

«ዒልሚ ደህና ይሰማል» አለች ኢስታር። «ዝንብ ነው ያባረርኩት።»

«በአንድ ጣት ዝንብ የሚያባርር ማን ነው?»

«የተማረ ሰው።»

ብዙ ተከራከሩ። ጫቱ አለቀ፣ ክርክሩ አላለቀም። በመጨረሻ ሊበን ፈረደ፤ የሆነው ሆኗል፣ ነጥቡ አይሰረዝም፤ ከአሁን በኋላ ግን እጅም ዓይንም አይንቀሳቀስ።

«ዓይንም?» አለች የሊበን ሚስት ሃሊሞ ከበሩ ላይ። «ዓይኗንማ አንተም አትከለክላትም።»

ኢስታር ቀና ብላ አየቻት። ሃሊሞ ምንም እንዳላለ ሰው ትሪውን ይዛ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ኢስታር ሜዳ ስትመጣ ሁለት እጆቿን ጭኗ ሥር አድርጋ ትቀመጥ ነበር። ዒልሚ ይህን ሲያይ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ በሳቁ መሀል ኳስ ተቀማ። እየሳቀም ግን ያገባ ነበር። ታኅሣሥ አልፎ ጥር ሲጋመስ የዘይቱ ረጅም ከከተማው አግቢዎች ሁሉ በላይ ሆነ። ኢስታር መሪ ሆነች። ዳሂር ሁለተኛ ነበር፤ ትከሻ ለትከሻ።

አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ጋሪ አስቆማ ዘላ ወጣች። ዒልሚ ተቀምጦበታል።

መውረድ ሽንፈት መሰላት። አጠገቡ ተቀመጠች። ጉልበቱን አቅፎ ተጣጠፈላት፤ ዛሬ ዘንቢል እንኳ አልያዘችም ነበር። የሳሙናና የኑግ ዘይት ሽታ አለው። የእጁ መዳፍ በበርሜል ጠርዝ ተልጦ ጠባሳ ሠርቷል። ይህን ሁሉ ጊዜ ከሩቅ አይታው፣ ጠባሳውን አለማየቷ ገረማት። ፈረሱ ብቻ ኮቴውን ያሰማል።

ጋሪ ነጂው አንዴ ዞሮ አየ፣ ሁለቴ ዞሮ አየ።

«ተጣልታችሁ ነው?» አለ።

ዝም።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ታረቂው እንጂ። እዪው እስቲ፣ አንገቱን ደፍቶልሻል።»

ኢስታር ከንፈሯን ነከሰች። ዒልሚ ወደ ውጭ ዞሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ነው።

«ወሪያ! አንተም ወንድ ከሆንክ ይቅርታ ጠይቃት። ባልና ሚስት በመኮራረፍ አይኖርም።»

ባልና ሚስት የሚለውን ሲሰማ ሳቁ ቆመ። ዞሮ አያት። ኢስታር ሰው ሲያያት ዓይኗን የምትሰብር አልነበረችም፤ ያን ቀንም አልሰበረችም። የሚባል ነገር ሁሉ በመሀላቸው ተቀምጦ ነበር፤ መንካት ግን አይቻልም። ሲወርዱ እሱ የሁለቱንም ከፈለ፤ እሷም የሁለቱንም ከፈለች። ጋሪ ነጂው ሁለቱንም ሂሳብ ኪሱ ከትቶ «ሁልጊዜ ተኮራረፉ» ብሎ መረቃቸው።

ኢስታር ያን ቀን ራሷን ናቀች። ቆርኪውን ለአንዱ ሰጥቶ መገላገል ይቻላል፤ ሕጉ አይከለክልም። ግን የዳሂርን ፊት ሳታይ? ግንቦት ሩቅ አይደለም፤ ይጠብቅ አለች። በርሜል ጫኝ የት ይሄዳል?

ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት ባለው ዓርብ ሃሊሞ ዕቃ እያጠበች፣ ቀና ሳትል ነገረቻት።

«ዒልሚን ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና መልምሎታል። እሑድ ጨዋታው እንዳለቀ መኪናው ከሜዳው ነው የሚወስዳቸው። ሁርሶ ማሠልጠኛ።»

«እስከ መቼ?»

«እነሱ እስከ ፈለጉት ነዋ።»

ኢስታር የያዘችው ብርጭቆ ደርቋል፤ አሁንም ታደርቀዋለች።

«ነጥብሽን ቁጠሪ እንግዲህ» አለቻት ሃሊሞ።

እሑድ ከዚራ ከተማው ሁሉ ወጥቷል። ከአጥሩ ውጭ አንድ የወታደር መኪና ቆሟል፤ የተጠሩት ልጆች እናቶች ጥላው ሥር ተኮልኩለዋል። ተጫዋቾቹ እያሟሟቁ ነው። ፊሽካው ከተነፋ ልውውጥ አይቻልም፤ ጨዋታው ካለቀ መኪናው አይጠብቅም። ስለዚህ አሁን ነው፣ ወይም የለም።

ኢስታር ቀጥ ብላ ዳሂር ፊት ቆመች። ቆርኪውን በመዳፏ አሳየችው።

«ውሰደው።»

ዳሂር ቆርኪውን አየ፤ እሷን አየ።

«ምኑን?»

«ዒልሚን። በምትኩ ማንንም ስጠኝ። ዋርፋን ስጠኝ።»

ዋርፋ ጉልበቱ የተጎዳ የሲሚንቶ ተቀያሪ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ከወንበር አልተነሳም። ዳሂር ዓይኑን አጠበበ። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሲሸጥ ኖሯል፤ በነፃ የተሰጠው ዕቃ ብል የበላው እንደሆነ ያውቃል።

«ታሟል?» አለ።

«ደህና ነው።»

«ሳይጫወት ሊወስዱት ነው?»

«ይጫወታል!»

«እንግዲያ አልፈልግም። አንቺ ለእኔ ደግ የምትሆኚው ልትገድዪኝ ስትፈልጊ ነው።»

ዳኛው ሰዓቱን አየ። ኢስታር ይህን ሰው እንደዚያን ደቂቃ ንቃው አታውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ሲመኘው የኖረውን እጁ ላይ ቢያስቀምጡለት የሚሸሽ! ብትለምነው እንደማይሆን ገባት። ከነጋዴ ጋር መነገድ ነው። ቆርኪውን ኪሷ ከተተች።

«ልክ ነህ። በዋርፋ ሞኝነት ነው። የባቡሩን ሚሬን ስጠኝና እንነጋገር።»

«ሚሬን!» ዳሂር ተነፈሰ፤ አሁን በሚያውቀው ቋንቋ እየተናገረች ነው። «እብድ ነሽ? ሚሬንማ አልሰጥም። ዋርፋን፣ ከፈለግሽ።»

«በዋርፋ አልሰጥም።»

«ዋርፋን ውሰጂ፤ የክረምቱንም ስኳር እኔ እችላለሁ።»

«ተወው፣ ይቅር» ብላ ዞረች። ሁለት እርምጃ ሄደች።

«ነይ! ነይ አቦ! ትቀልጃለሽ እንዴ? ሊበን፣ ምስክር ሁን!»

ሊበን እህቱን አያት፤ ከአጥሩ ውጭ የቆመውን መኪና አየ። አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ «አይቻለሁ» አለ። ቆርኪው ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

ኢስታር ሜዳውን አቋርጣ ሄደች። ከተማው ሁሉ ያያል። ዒልሚ ስትመጣ ሲያይ ደንግጦ ሁለት እጁን አነሳ፤ አትናገሪ ማለቱ ነው፤ ነጥቧን ሊያድንላት ነው።

«እጅህን አውርድ» አለችው። «ቆርኪው ዳሂር ጋ ነው።»

«እብድ ነሽ? አንደኛ እኮ ነሽ!»

«እዚያም እብድ አሉኝ። አዳምጥ፣ ጊዜ የለኝም። ያን ቀን የጠየቅኸኝ ጥያቄ አለ።»

«ዓመቱን ሙሉ ስጠብቀው ነበር።»

አፏን ከፈተች። ያ አጥንት ሰባሪ መልስ፣ ስታንጸውና ስትሞርደው የከረመችው፣ የለም። ላቡ ግንባሩ ላይ ሲወርድ፣ ቁምጣው ሲያጥረው፣ የተላጠው መዳፉ ተከፍቶ ሲጠብቃት ብቻ ነው የሚታያት።

«ረጅም ነው» አለች። «ስትመለስ እነግርሃለሁ። ለሌላ ሰው አልነግረውም፤ ይዤው እቆያለሁ። ገባህ?»

ዒልሚ የተከፈተውን መዳፉን ጨበጠ።

«ገባኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ብዙ ዓመት ቢሆንስ?»

«እኔ የያዝኩትን ነገር አልረሳም።»

ዳኛው ፊሽካውን አፉ ላይ አደረገ። ዒልሚ ጎንበስ አለላት።

«ከፈለግሽ ዛሬ አንድም አላገባም። ዳሂር ቆርኪውን ይብላው። አሁን ብታዢኝ ሕግ አይከለክልሽም።»

እውነቱን ነበር። ቢያደርገው ታሸንፋለች። ኢስታር ይህን አሰበችው፤ ራሷን አልዋሸችም፣ አሰበችው።

«ሞኝ» አለችው። «ከተማው ሁሉ ሲያይህ የመጨረሻ ቀንህ ነው። በግራህ ወርውር።»

ያን ቀን ዒልሚ የተጫወተውን ድሬዳዋ ብዙ አወራው። ዳሂር ተነስቶ እየዘለለ «የኔ ነው! የኔ ነው!» እያለ ይጮኽ ነበር። ኢስታር እጆቿን ከጭኗ ሥር አውጥታ አጨበጨበች። ሲያልቅ ዒልሚ በላቡ እንዳለ መኪናው ላይ ወጣ፤ ጉልበቱን አቅፎ ሲጣጠፍ ከሩቅ አየችው።

ክረምቱን ዳሂር ከላይ ተቀመጠ። ዋርፋ ሜዳ ሳይረግጥ ስለዋለ፣ ሁሉም በዚያ ቀን ነጥብ ስላጋበሱ፣ ኢስታር ከአንደኝነት ወደ ታች ተንከባለለች። የመጨረሻው ባትሆንም የዳሂርን ሻይ ራሷ ቀዳች፤ ስኳሩ የሱ ነበርና እስኪያንገሸግሸው ጨመረችለት። እናቷ ነገሩን ስትሰማ «በርሜል ጫኝ! ያውም ወታደር!» ብላ አለቀሰች። ሌላ ሽማግሌ መጣ፣ ተመለሰ፤ ሌላም መጣ። በየወሩ ስንቅ ይዛ፣ ከእናቶች ጋር በጭነት መኪና እየተሳፈረች ሁርሶ ትሄድ ነበር። ቆይተው ወደ ሰሜን ወሰዱት፤ ያኔ መሄጃ ጠፋ። ኢስታር ቢሮዋ ተቀምጣ ያልተመረተውን እያሳመረች ጠበቀች። መጠበቅንም ትንቅ ነበር፤ ግን ጠበቀች።

በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ቀኝ ትከሻው ቆስሎ አሰናበቱት። ቀኙን ነው። በርሜል መጫን ስለማይችል የዘይት ፋብሪካው በር ላይ ጥበቃ አደረገው፤ ግራው ግን ደህና ነበርና ቡድኑ ተቀበለው። እናቷ ስታየው መክሳቱን አይታ ተቆጣች፣ ቀጥላ ምግብ አቀረበችለት፤ በዚያ ቤት ይህ እሺ ማለት ነው።

«መልሱስ?» አላት ዒልሚ፣ እንደተቀመጡ።

«አሁንም ረጅም ነው» አለችው። «ቤት ስንይዝ እጀምርልሃለሁ።»

ጥቅምት ላይ በርጫው ለአዲሱ ውድድር ተሰበሰበ። ዕጣው የመጀመሪያዋ መራጭ አደረጋት። ቆርኪው ሁሉ ምንጣፉ ላይ ፈሷል። ሁሉም የምትለውን ያውቁ ነበርና ሊበን የፋንታውን ቆርኪ ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«የባቡሩን ሚሬን» አለች ኢስታር።

ዳሂር ከትራሱ ተነሳ።

«ዒልሚን ትተሽ? ከተማው ውስጥ እንደሱ የሚያገባ የለም እኮ!»

«አውቃለሁ። አንተ ውሰደው።»

«ታሟል?» አለ ዳሂር፤ ዓይኑ እንደገና ጠበበ።

«ደህና ነው! በሚመጣው ወር ኒካሃችን ነው» አለች ኢስታር፣ የፋንታውን ቆርኪ አንስታ እየወረወረችለት። «እኔ ከያዝኩት፣ እስከ ግንቦት ማን ይስደበው?»